ጥርሱ ወጥቶ የሚቀር ሕመም

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የሚሰማ ሕመም በአብዛኛው ሰው ላይ በቀናት ውስጥ ይበርዳል። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይጠነክርና ከዚያ ወዲያ ይቀንሳል፤ በሳምንቱ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ድዱም ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ይገጥማል። ጥቂቶችን ግን ሕመሙ አይለቃቸውም። ቁስሉ ድኖ፣ ድዱ ገጥሞ፣ በራጅም ምንም ሳይታይ ቦታው ያቃጥላል፣ ይነዝራል፣ ሌሊት ይጠዘጥዛል። እንዲህ ያለው ሕመም ከነርቭ የሚነሣ ነው፤ ለጥርስ ሕመም የሚሰጠው ሕክምናም አይፈታውም። ይህ ልዩነት ባለመታወቁ ብዙ ሰዎች ሕመሙን እናጠፋለን ብለው ደህና ጥርሳቸውን አንድ በአንድ አስነቅለዋል።

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች፣ እንደ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ የታመመ ጥርስ መጨረሻው መነቀል ነው። ጥርስ የሚሞላና ሥሩን የሚያክም ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ክፍያው ለገበሬው ይከብዳል፤ ምልልሱም ብዙ ነው። መነቀል ግን በአንድ ቀን ያልቃል። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ወይም ከሞጣ በኩል የሚመጣ ሕመምተኛ ጥርሱን ለወራት በቅርንፉድና በአረቄ ሲያባብል ከርሞ፣ እንቅልፍ ሲያጣ ነው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው። መዘግየቱ ራሱ መዘዝ አለው። ከመነቀሉ በፊት ለረጅም ጊዜና በኃይል ሲያምም የቆየ ጥርስ፣ ከወጣም በኋላ ሕመሙ ሥር የመስደድ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ነርቩ ጥርሱ ገና ሳይወጣ ሕመምን ለምዶታልና።

ፊትን የሚያዳርሰው የስሜት ነርቭ ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች አምስተኛው ነው። በግራም በቀኝም በኩል በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ለግንባርና ለዓይን አካባቢ፣ ሁለተኛው ለጉንጭና ለላይኞቹ ጥርሶች፣ ሦስተኛው ለታችኛው መንጋጋ ስሜት ይሰጣል። በጥርስ ነቀላ በይበልጥ የሚያሰጋው ይህ ሦስተኛው ክፍል ነው። አንዱ ቅርንጫፉ በታችኛው የመንጋጋ አጥንት ውስጥ ባለ ጠባብ ቦይ እየተጓዘ ጥርሶቹን ያዳርስና በአገጭ በኩል በትንሽ ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ታችኛው ከንፈር ይሰራጫል። ወደ ምላስ የሚሄደው ቅርንጫፍ ደግሞ ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ በስተ ውስጥ፣ ከድዱ ሥር ብዙም ሳይርቅ ያልፋል።

የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ በአብዛኛው ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚበቅል ሲሆን፣ ቦታ ሲያጣ አጥንት ውስጥ ተጋድሞ ይቀራል። ሥሩ የነርቩን ቦይ ተጠግቶ አንዳንዴም ነክቶ ስለሚያድግ፣ ሲነቀል ነርቩን ሊጫነው ወይም ሊፍቀው፣ ከስንት አንዴም ሊበጥሰው ይችላል። የማደንዘዣው መርፌ ራሱ ነርቩን የሚጎዳበት ጊዜም አለ፤ ይህ ግን እጅግ ጥቂት ነው። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ከተነቀለላቸው 100 ሰዎች መካከል ጥቂቶቹ ከንፈራቸው ወይም ምላሳቸው ለጊዜው ይደነዝዛል፤ ጉዳቱ ዘላቂ የሚሆንባቸው ከ100 ሰው አንድ እንኳ አይሞሉም።

የተጎዳ ነርቭ ያገግማል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ነው። የተቆረጠ የነርቭ ጫፍ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከመጨረሻው መንጋጋ እስከ አገጭ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ከንፈሩ የደነዘዘበት ሰው ለውጥ ለማየት ሳምንታትና ወራት ቢጠብቅ ሊደነግጥ አይገባም። ደንዝዞ የነበረው ቦታ መወረር፣ ማሳከክና መውጋት ሲጀምር ብዙዎች ባሰብኝ ይላሉ፤ ያ ግን ብዙ ጊዜ ነርቩ መመለሱን የሚያሳይ ጥሩ ምልክት ነው።

ሕመም ዘገየ ማለት ግን ሁልጊዜ ነርቭ ተነካ ማለት አይደለም። ነቀላው በተደረገ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን በድንገት የሚጠና፣ ወደ ጆሮ የሚወጣና መጥፎ የአፍ ሽታ የሚያስከትል ሕመም በአብዛኛው ምክንያቱ ሌላ ነው። ጥርሱ በወጣበት ጎድጓዳ ውስጥ ረግቶ ቁስሉን የሚሸፍነው ደም ታጥቦ ወይም ሟምቶ ሲሄድ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል። ሲጋራ የሚያጨሱና በመጀመሪያው ቀን አፋቸውን ደጋግመው የሚጉመጠመጡ ሰዎችን፣ የወሊድ መከላከያ ክኒን የሚወስዱ ሴቶችንም ይህ በይበልጥ ያገኛቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የጥርስ ሐኪሙ ጎድጓዳውን በጨው ውሃ አጥቦ የቅርንፉድ ዘይት ያለበት መድኃኒት ሲያኖርበት ሕመሙ በሰዓታት ውስጥ ይቀላል፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይድናል። የቀረ የሥር ስባሪ፣ የጎን ጥርስ መቦርቦር፣ አፍ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ በመቆየቱ የተጎዳ የመንጋጋ መጋጠሚያም ሕመሙን ሊያቆዩ ይችላሉ። የላይኛው መንጋጋ ከተነቀለ በኋላ የተጠጣ ውሃ በአፍንጫ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ጎድጓዳው በላይኛው የመንጋጋ አጥንት ውስጥ ካለው ክፍት ቦታ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ትኩሳት፣ ከአገጭ ሥር የሚጠነክር እብጠት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ መቸገር፣ አፍ አልከፈት ማለት ግን ለነገ የሚባሉ አይደሉም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስን ይጠይቃሉ።

የነርቭ ሕመም መለያው ጠባዩ ነው። የተነቀለው ጥርስ ቦታ እንደ ፍም ያቃጥላል፤ ወይም ደንዝዞ ሳለ ያምማል። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው ማመም የሌለበት ነገር ማመሙ ነው፤ የነጠላ ጫፍ ጉንጭን ሲነካ፣ ምላስ ድዱን ሲዳብስ፣ የጠዋቱ ብርድ ፊት ላይ ሲያርፍ ያንገበግባል። እንዲህ ያለው ሕመም ከሦስት ወር ካለፈ ሥር ሰዷል ይባላል። በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ባሉ ሴቶች ላይ በይበልጥ ይታያል። የተጎዳው የነርቭ ጫፍ ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ ወደ አንጎል የሕመም መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ ሲደጋገም የአንጎልና የግንዱ ሕዋሳት ንቁ ሆነው ይቀራሉ። ማማ ላይ ሆኖ እህል የሚጠብቅ ልጅ ዝንጀሮው ከሄደ በኋላም ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ወንጭፉን እንደሚያስጮህ ነው። ዝንጀሮው የለም፤ ጩኸቱ ግን እውነተኛ ጩኸት ነው። «ጥርሱ ወጥቶ ምን ያመዋል?» የሚለው የቤተሰብና የጎረቤት ጥያቄ ሕመምተኛውን ከሕመሙ ባልተናነሰ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ሕመሙን የፈጠረው ማንም የለም፤ ሕመምተኛውም አላጋነነም።

ይህን ሕመም ለመመርመር ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ሐኪሙ ሕመምተኛውን ዓይን ያስጨፍንና ጥጥ አሹሎ ከንፈሩን፣ አገጩንና ጉንጩን በዝግታ ይዳብሳል። «ስነካዎ ይንገሩኝ፤ በዚህኛውና በዚያኛው ወገን እኩል ይሰማዎታል?» ይላል። ቀጥሎ በስንጥር ጫፍ ይሞክራል። ስሜቱ የተለወጠበትን ድንበር በእስክሪብቶ ነጥብ በነጥብ ቆዳው ላይ ያሰምርና ስፋቱን ካርዱ ላይ ይጽፋል፤ ከወር በኋላ ድንበሩ ከጠበበ ነርቩ እየተመለሰ ነው። የጎን ጥርሶችንም መታ መታ አድርጎ፣ በቀዝቃዛ ነገር ነክቶ ይፈትሻል። በመጨረሻ ሕመሙ ያለበትን ቦታ በሊዶካይን ያደነዝዛል። በዚያን ጊዜ ሕመሙ ጸጥ ካለ ምንጩ እዚያው ነው፤ ካልተለወጠ ከዚያ ወደ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ የብዙ ጥርሶችን ዕድሜ ግን ያተርፋል።

ከዚህ ሕመም ጋር የሚምታታ ሌላ የፊት ነርቭ በሽታ አለ። በአብዛኛው ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸውን ሰዎች የሚይዝ ሲሆን፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም በአንድ ወገን ፊት ላይ ከሰከንዶች እስከ ሁለት ደቂቃ ይመታና ያቆማል። ሲያኝኩ፣ ሲናገሩ፣ ሲታጠቡ፣ ንፋስ ሲነካቸው ይመለሳል። ብዙ ጊዜ መነሻው አንድ የደም ሥር ነርቩን ከአንጎል ግንድ በሚወጣበት ቦታ መጫኑ ነው። ሕመሙ ጥርስ ላይ ስለሚሰማ ጥርስ ይነቀላል፤ አይተውም፤ ሌላ ይነቀላል። በተነቀለው ቦታ አልፎ አልፎ ድንገት የሚነዝር ሕመም ያለበት ሰው፣ ሕመሙ ከነቀላው በፊትም እንዲሁ ነበር ወይ ተብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ነበር ካለ ጥርሱ ከመጀመሪያውም ጥፋት አልነበረበትም ይሆናል።

ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ለቁስልና ለእብጠት ሕመም ጥሩ ናቸው፤ ለነርቭ ሕመም ግን እምብዛም አይረዱም። ፋርማሲ ለፋርማሲ እየዞሩ ዲክሎፌናክ መወጋትና አይቡፕሮፌን መዋጥ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል፤ በጾም በባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አሞክሲሲሊን ደጋግሞ መውሰድም ኢንፌክሽን ለሌለበት ቦታ ፋይዳ የለውም። የቪታሚን ቢ መርፌም በጎጃም ሆነ በሌላው አገር ለነርቭ እየተባለ በብዛት ይታዘዛል፤ የቪታሚኑ ጉድለት ያለበትን ሰው ይረዳዋል፤ ጉድለት የሌለበትን ሰው ነርቭ እንደሚጠግን የሚያሳምን ማስረጃ ግን የለም።

የሚረዱት መድኃኒቶች ሌሎች ናቸው። አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን፣ በአብዛኛው ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ይጀመራል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ሌሊት ለሚጠዘጥዘው ሰው ሁለት ጥቅም አለው፤ ማታ አንዴ የሚዋጥ በመሆኑም ከጾም ጋር አይጋጭም። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፤ የልብ ሕመም፣ የዓይን ግፊት ወይም ሽንት አልወርድ የማለት ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት። የአፍ መድረቅ የቀሩትን ጥርሶች ለመቦርቦር ስለሚያጋልጥ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨትና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ የሕክምናው አካል ነው። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊንም ያገለግላሉ፤ ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ኩላሊቱ ለተዳከመ ሰውም መጠናቸው ይቀነሳል።

በድንገት ለሚነዝረው የፊት ነርቭ በሽታ ቀዳሚው መድኃኒት ካርባማዜፒን ነው፤ ጥቅሙ ከታወቀ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ መድኃኒት ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ያዞራል፤ ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ወዲያው ቆሞ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። የወሊድ መከላከያ ክኒንንና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ ኃይል ያዳክማል፤ ይህን ባለማወቅ ያልታሰበ እርግዝና ሊመጣ ይችላል። ከፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ጋርም ስለሚጋጭ፣ የሚወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ሳይደብቁ መንገር ግድ ነው።

እነዚህን መድኃኒቶች ብዙዎች በሁለት ምክንያት ያቋርጧቸዋል። የመጀመሪያው ችኮላ ነው። አሚትሪፕቲሊን ፍሬው የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብሎ መተው ሙከራውን ሳይጀምሩ ማቆም ነው። ሁለተኛው ሐፍረት ነው። አንድ ሰው ለጥርሱ የታዘዘለት ክኒን ለድብርት ወይም ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ መሆኑን ከፋርማሲው ሲሰማ፣ ሐኪሙ አእምሮዬን ጠርጥሮታል ብሎ ክኒኑን ይጥላል። መድኃኒቶቹ ለዚህ ሕመም የሚታዘዙት ያለ ልክ የሚተኩሱ የነርቭ ሕዋሳትን ስለሚያረጋጉ ነው፤ ይህን ለሕመምተኛው አስቀድሞ ማስረዳት የሐኪሙ ግዴታ መሆን አለበት። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም ክኒኑን ማቋረጥ አያስፈልገውም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። መንገድ በሚዘጋበትና መድኃኒት በሚጠፋበት ጊዜ እንዳይቋረጥ የወር መድኃኒት ቀደም ብሎ መያዝም ብልህነት ነው፤ በተለይ ካርባማዜፒን በድንገት ሲቆም ሕመሙ በርትቶ ይመለሳል።

ከመድኃኒቱ ውጭ ያለው ኑሮም ብዙ ያግዛል፤ ወይም ብዙ ያባብሳል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ የጮቄ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ የሚወርደው የጠዋት ንፋስ ለታመመ ነርቭ ጠላት ነው። ሻካራ ጋቢ ጉንጭን እየፋቀ ሊያስነሣው ስለሚችል፣ ፊትን በለሰለሰ የጥጥ ሻሽ ወይም ነጠላ መከለል ይሻላል። ፊት በለብታ ውሃ ይታጠባል። ቆሎና ድርቆሽ ለጊዜው ይቆዩና አጥሚት፣ ለብ ያለ ገንፎ ወይም በወጥ የራሰ ፍትፍት በደህናው ወገን ይበላል። ከንፈሩ የደነዘዘ ሰው ትኩስ ቡና ሲጠጣ መቃጠሉ፣ ሲበላም ከንፈሩን መንከሱ አይታወቀውምና ቡናው እስኪበርድ ይታገሥ። ያመመውን ወገን ሳይቦርሹ መተው ግን አዲስ የተቦረቦረ ጥርስ ያስከትላል፤ በለሰለሰ ብሩሽ፣ ሕመሙ በሚቀልበት ሰዓት ማጽዳት ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ የሚሞከሩት ነገሮች በብዛት ድዱን ያቃጥላሉ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ድድ ላይ ማሳደር ቁስል ይፈጥራል፤ አረቄ አፍ ውስጥ ይዞ መቆየትም እንዲሁ። ቅርንፉድ በእርግጥ የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር አለው፤ ንጹሕ ዘይቱ ግን በተጎዳ ነርቭ ላይ በቀጥታ ሲፈስ ራሱ ጉዳት ያደርሳል። የበርበሬ ነገር ልዩ ነው። የሚያቃጥለው የበርበሬ ንጥረ ነገር የሕመም ነርቮችን የሚነካበትን በር ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ለይተው አውጥተዋል፤ ጁሊየስም በ2021 በሕክምና የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ከዚያው ንጥረ ነገር የሚሠራ ቅባት ተደጋግሞ ሲቀባ ነርቩን እያደከመ ሕመም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ መጠኑ እጅግ ትንሽና የተለካ ነው፤ የወጥ ቤት በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ ድድ ላይ ማሸት ሥቃይን ይጨምራል እንጂ ያንን ሥራ አይሠራም።

ለመነቀል ገና የሚዘጋጅ ሰው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለው ነገር አለ። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ከሆነ፣ ሥሩ ለነርቩ ቦይ ምን ያህል እንደቀረበ የሚያሳይ ራጅ አስቀድሞ ይነሣለት ዘንድ መጠየቅ መብቱ ነው። ሥሩ ቦዩን የነካ ከሆነ የላይኛውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ሥሩን በቦታው መተው የሚቻልበት አሠራር አለ። በባህል መሣሪያ፣ ያለ ማደንዘዣ ጥርስ ማስነቀል ግን የሥር ስባሪ፣ የመንጋጋ አጥንት ስብራትና ኢንፌክሽን የሚያተርፍ አደጋ ነው።

ሕመሙ ያልለቀቀው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጥርሱን ወደነቀለለት ባለሙያ ነው፤ በየትኛው መርፌ፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል ታግሎ እንደነቀለው የሚያውቀው እርሱ ነውና። በብቸና፣ በሞጣ ወይም በደንበጫ ያለ ሕመምተኛ ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፎ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንዳስፈላጊነቱ ወደ ባሕር ዳር ጥበበ ጊዮን ወይም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ሲሄድ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያስነሣው፣ የትኛውን መድኃኒት ስንት ቀን እንደወሰደ በወረቀት ጽፎ ቢይዝ ወይም ልጁን ቢያስጽፍ፣ ሐኪሙ ከራጁ ያላገኘውን ከዚያ ወረቀት ያገኛል።

የጊዜውን ነገር ቸል ማለት አይገባም። የተበጠሰ ነርቭ በቀዶ ሕክምና መልሶ ሊሰፋ ይችላል፤ ውጤቱ የሚያምረው ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሆን ነው፤ ዓመት ሲያልፈው ተስፋው ይመነምናል። የማደንዘዣው ኃይል ካለፈ በኋላ በማግስቱም ከንፈሩ ወይም ምላሱ ደንዝዞ የቀረበት ሰው በዚያው ሳምንት ለሐኪሙ ይንገር፤ በሦስት ወር ውስጥ ምንም ለውጥ ካላየ ወደ ቀዶ ሐኪም ይላክ። ድዱ ገጥሞ የሚያቃጥለው ወይም የሚነዝረው ሰው ደግሞ «እስቲ ቀጣዩን እንንቀለው» ሲባል ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት፣ ሕመሙ ከነርቭ መሆን አለመሆኑ እንዲመረመርለት ይጠይቅ።